ከስም አጠገብ የሚጻፍ ሰፈር

በቫልሚ የበረዶ ሜዳ፣ ከመልበሻ ክፍሎቹ ወደ ሜዳው በሚያወጣው መተላለፊያ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ለኮሌጁ ሆኪ የተጫወተ ሁሉ ስሙ በነጭ ቀለም እዚያ ይጻፋል። ሌላ ከተማ ቢሆን ከስሙ አጠገብ ዓመቱን ወይም ያገባውን ግብ ይጽፉ ነበር። እኛ የምንጽፈው ሰፈሩን ነው። ዛላር፣ ኦክ ጎዳና። ቤርቶኒ፣ ከሐዲዱ ማዶ። ፐርኮቪች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት። ሜዳውን ማዕድን ቆፋሪዎች ከፈረቃ እየወጡ በገዛ እጃቸው ሠርተው ለኮሌጁ የሰጡት በአንድ ቃል ነው፤ በላዩ የሚጫወቱት የዚሁ ከተማ ልጆች ብቻ ይሁኑ ብለው።

ስሞቹን አምስት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሴንያ ሮንካይነን። በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና እነዳለሁ፣ የመንሸራተቻ ጫማዎቹን ብረት እስላለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሽማግሌው ሩዲ ዛላር በመሳያው ማሽን ላይ አጎንብሰው ሲሠሩ ሁለት ክረምት ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ፤ ከዚያ ከቆሻሻ የለቀምኳቸውን አሮጌ ጫማዎች እያበላሸሁ ገባኝ። የሩዲ ዓይን ሲደክም ማሽኑ ወደኔ ዞረ። ጫማ የሚስል ሰው የተጫዋቹን ነገር ከአሰልጣኙ ቀድሞ ያውቃል። ብረቱ በየትኛው ጠርዝ ቶሎ እንደሚያልቅ ያየ፣ ልጁ በየትኛው እግሩ እንደሚፈራ አየ ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉ ስም መካከል አንድም የሦስት ቁጥር ሰፈር ልጅ አልነበረም። ሦስት ቁጥር የኛ ሰፈር ነው። በሦስተኛው የብረት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ኩባንያው ለሠራተኛ የሠራቸው ሃያ ስምንት ቤቶች፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው የመጋረጃው ቀለም ብቻ ነው። መሃል ከተማ ያሉት «አፋፎቹ» ይሉናል፤ ሲስቁ ነው፣ ግን ይሉናል። ወንድሜ አርቮ ከኛ ሰፈር በሰሌዳው ላይ የመጀመሪያው ሊሆን ነበር።

አርቮ በረኛ ነው። በረኛ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ማዕድኑ በተዘጋ ጊዜ አባታችን ሥራ ፍለጋ ወደ ኔቫዳ ይዞን ሄደና ስድስት ዓመት እዚያ ኖርን። በረዶ በሌለበት በዚያ አሸዋ ላይ፣ ከቤታችን ደጅ ሁለት ባልዲ ምሰሶ አድርጌ በቴኒስ ኳስ እመታበት ነበር። ማዕድኑ ሲከፈት ስንመለስ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ጫማው ላይ መቆም አቃተው፤ በሁለተኛው የትምህርት ቤቱ በረኛ ሆነ።

እሱ አሥራ አንደኛ ክፍልን ሊጨርስ ሲል ነው ጠቡ የተነሳው። የኮሌጁ ቡድን ሦስት ዓመት በተከታታይ የመጨረሻ ወጥቷል። አሰልጣኙ ዴል ሩስካ፣ ከደቡብ የመጣ፣ ሁልጊዜ ሸሚዙን የተኮሰ ሰው፣ ደንቡ ተነስቶ ከየትም ተጫዋች ላምጣ አለ። ከተማው በሜዳው ፎቅ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው በምድጃ የተጋገረ ድንችና ሥጋ ይዘው መጡ፤ በኛ ከተማ ሰው ሳይበላ አይጣላም።

ሩስካ ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ ይህን አልክድም። ድሮ ትምህርት ቤታችን በዓመት ሦስት መቶ ልጅ ያስመርቅ እንደነበር፣ ዘንድሮ አርባ አንድ እንደሆነ፣ ከነዚያ ውስጥ ሆኪ የሚጫወተው ዘጠኝ እንደሆነ ነገረን። ከአንድ ባልዲ ውሃ ዓሣ አጥምድ አላችሁኝ አለ። ደግሞም የናንተው ደንብ ልጆቻችሁን እየጎዳ ነው፤ ከሚበልጠው ጋር ያልተጫወተ አይበልጥም አለ። አንዳንዱ ልክ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የሥጋ ቤቷ ዶሪን ፐርኮቪች ግን ተነስታ፣ የኔ ልጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የማላውቀው ሰው ልጅ ሲጫወት ቲኬት ቆርጬ ልመለከት ነው ወይ ስትል አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። መሸነፍ ካለብን በራሳችን ልጆች እንሸነፋለን አለች። እጅ ወጣ፤ ደንቡ ይቆይ ተባለ።

እዚያ ላይ ብንበተን መልካም ነበር። ሩዲ ዛላር ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። ደንቡ እንደተጻፈ የሚለው «በከተማው ቤት እየኖረ የመጨረሻውን ክፍል በከተማው ትምህርት ቤት የጨረሰ» ነው። ሩዲ ይህ ላላ አሉ። በረዶ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ውሃ ያገኘዋል፤ ይህም ሰውዬ ያገኘዋል አሉና «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እዚሁ የተማረ» ተብሎ ይጻፍ አሉ።

ደሜ ፈላ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከተባለ አርቮ ባዕድ ነው። ማንም አስቦት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አፋፎቹን ማን አስቦ ያውቃል?

«ሩዲ፣» አልኳቸው፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ «ማዕድኑ ሲዘጋ አባቴ ኔቫዳ የሄደው ለሽርሽር አይደለም። የናንተ ቤት የተከፈለ ነበር፣ ቁጭ ብላችሁ ጠበቃችሁ። የኛ የኩባንያው ነበር፣ አስወጡን። አሁን ደግሞ ስለወጣችሁ የዚህ አገር ሰው አይደላችሁም ልትሉን ነው? አያቶቻችሁ ሲጽፉት ጅል አልነበሩም። አንድ ቃል አይጨመርበት፣ አንድ ቃል አይቀነስበት።»

የሦስት ቁጥር ሰዎች እግራቸውን ወለሉ ላይ ደበደቡ። ዶሪን ሳትቀር አጨበጨበችልኝ። ሩዲ ሐሳባቸውን ትተው ተቀመጡ። ሩስካ ብቻ አላጨበጨበም፣ አልተቃወመምም፤ ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ሽንፈቱን የዋጠ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በነሐሴ ወር፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ የሩስካ መኪና ደጃችን ቆመ። አንድ ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ልጅ አብሮት ወረደ። ሌላንድ ቴግ ይባላል፤ የመጣው ከአሪዞና ነው፣ በረዶን በብርጭቆ ውስጥ ብቻ ከሚያውቁበት አገር። በጎረቤት ከተማ ላለው የወጣቶች ክለብ ሊጫወት፣ የመጨረሻ ክፍሉን ደግሞ እዚሁ ሊማር ነው፤ ማደሪያ ቤት ይፈልጋል ተባለ።

በኛ ከተማ የክለቡን ተጫዋች አሳድሩ ተብሎ እምቢ ያለ ቤት የለም። አልጋ ይሰጠዋል፣ ከልጆች ጋር ይበላል፣ ሲያጠፋ ይቆጡታል። የማልያው ቁጥር በመስኮቱ ላይ ይለጠፋል፣ አላፊ አግዳሚው ያያል። መሃል ከተማ አንዳንድ መስኮት የስድስትና የሰባት ልጆች ቁጥር ተደርድሮበታል። ሦስት ቁጥር ሰፈርን ግን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆን አያውቅም። እናቴ ማርሊስ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ልክ ንጉሥ እንግዳ እንደላከባት፣ «ኧረ ግቡ፣ ምን በር ላይ አቆማችሁ» አለች። የማዕድን ሰው የሚቋጥረውን የሥጋና የድንች ፓስቲ ጋግራ ነበር። ሩስካ ሁለት በላ።

ሌላንድን መጥላት ፈልጌ ነበር፤ አስቸገረኝ። ሳህን ያጥባል። እናቴን «እማማ ማርሊስ» ይላታል። መጀመሪያ የእንፋሎት መታጠቢያችን ሳውና የገባ ቀን ራሱን ስቶ አርቮ ተሸክሞ በረዶ ላይ ጣለው፤ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። አርቮ መኪና በብርድ እንዳይሞት ማታ ማታ በኤሌክትሪክ ገመድ እንደሚሰካ አስተማረው፤ ልጁ መኪናውን እንደ ስልክ ቻርጅ ያደርጋሉ ብሎ ለእናቱ ደወለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ ተዘረጋላቸው። እሱም በረኛ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን አውቀነዋል፣ ማንም አልደበቀንም። ክለቡ ሌላ ከተማ ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል ብለን አሰብን። ኮሌጃችን እንደሆነ ደንብ አለው።

በኅዳር ጫማውን አመጣልኝ። ብረቱ እንደ አጥቂ ጫማ በጥልቁ ተቦርቡሯል። በረኛ ወደ ጎን መንሸራተት አለበት፤ ብረቱ በረዶውን ከነከሰበት አለቀለት። ለአርቮ ሁለት ዓመት ሞክሬ ያገኘሁት፣ ለማንም ነግሬው የማላውቅ ልክ ነበረኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ምናልባት ኩራት ነው፣ የሌላ ሰው ብልሹ ሥራ በእጄ ይዤ ዝም ማለት አልችልም። በዚያው ልክ ሳልኩለት። በማግስቱ ሮጦ መጣና «እህቴ፣ እግሬን ቀየርሽው» አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ቀድሜ ከፍቼ ለሁለቱም በኳስ ፈንታ የምትመታዋን ጥቁር ጎማ እመታ ነበር፤ አንዱ በአንዱ በር፣ ሌላው በሌላው። ጥር ላይ ዓይኔ ያየውን ልቤ እምቢ አለው። አርቮ መቺው ሳይመታ በግራ ጉልበቱ ይወርዳል። ትንሽ ነው፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል፤ የግራ ጫማው የውስጥ ጠርዝ ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቅ ነበር። ሌላንድ ይጠብቃል። ጎማዋ ከዱላዬ ላይ ሳትነሳ አይንቀሳቀስም። ልነግረው ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። ከዚያ ምን ያደርጋል፣ ልቡን ለምን እሰብራለሁ፣ ቦታው እንደሆነ የሱ ነው፣ ደንቡ አለ አልኩ። ሌላ ጊዜ አርፎ የማያውቀው ምላሴ ያኔ አረፈ።

ሚያዝያ ላይ የአዲስ ተጫዋቾች ዝርዝር በሩስካ ቢሮ በር ላይ ተለጠፈ። ለበረኛ አንድ ቦታ ነበር። ሌላንድ ቴግ ይላል።

ሳላንኳኳ ገባሁ። «አሰልጣኝ፣ ዝርዝሩ ላይ ስህተት አለ» አልኩት። «ከከተማው ያልሆነ ሰው ጽፈዋል።»

«ሴንያ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም።»

ከመሳቢያው ያቺን ብጣሽ ወረቀት አወጣ። «ልጁ የሚኖረው የት ነው?» አለኝ በእርጋታ።

የደንቡ ቃል የተጻፈበትን ወረቀት ወደኔ ገፋው።

«እናንተ ቤት ነው። የመጨረሻ ክፍሉን የሚጨርሰው የት ነው? እዚሁ። በከተማው ቤት እየኖረ፣ በከተማው ትምህርት ቤት። ሽማግሌው ሊያጠብቁት ነበር። አንድ ቃል አይጨመር ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔም አልጨመርኩም።»

«አንተ፣» አልኩት፤ ያን ጊዜ እርስዎ ማለት ከአፌ ጠፋ፣ «እኛን ቤት የመረጥከው ለዚህ ነው?»

«የመረጥኩት እናትሽ ጥሩ ሴት ስለሆነች ነው» አለ። ከዚያ፣ ምናልባት ሐቀኛ መሆኑ ይሆናል፣ ጨመረበት፤ «ሌላ ቤት ባስገባው ኖሮ ደግሞ መስከረም ላይ ወንበር ላይ ቆመሽ ትጮሂብኝ ነበር። በገዛ ቤትሽ እንግዳ ላይ ግን ማን ይጮሃል?»

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው እንዲህ ነው። እናቴ ያበላችው፣ ወንድሜ ያሞቀው፣ እኔ ስለቱን ያወጣሁለት።

ለሩዲ ነገርኳቸው። ብዬሽ ነበር፣ አልሰማ ብለሽ ነው ይሉኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። አላሉም። የልጁን ጫማ ከመደርደሪያው አውርደው ብረቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱ።

«ማነው የሳለለት?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አድርገሽ ነው የሳልሽው» አሉና መልሰው አስቀመጡት።

በዚያ ቀን እራት ላይ ሌላንድ ሹካውን አላነሳም። ሁለት ቦታ ያለ መስሎት እንደነበር፣ ሩስካ እንዲያ እንዳለው፣ ነገ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ እንደሚሄድ ተናገረ። ማመን አልፈለግሁም፤ ግን ዓይኑ የዋሸ ሰው ዓይን አልነበረም። እናቴ ወደ አርቮ፣ ከዚያ ወደ ሌላንድ፣ ከዚያ ወደ ሳህኗ አየች። አባቴ ድንች ቆረጠ። አርቮ ዳቦውን ገፋለትና «ተቀመጥና ብላ፤ ሳትበላ የትም አትሄድም» አለው።

ከእራት በኋላ አርቮ ከሳውናው ጀርባ እንጨት ሊፈልጥ ወጣ፤ ገና ብርሃን ነበር። ተከተልኩት። ሩስካን ምን እንደማደርገው፣ ለኮሌጁ ምን እንደምጽፍ፣ ከተማውን እንዴት እንደማስነሳበት ስዘረዝር መጥረቢያውን ሳያቆም ሰማኝ። ከዚያ አቆመ።

«ከኔ ይሻላል?» አለኝ።

«ነገሩ እሱ አይደለም። ደንቡ…»

«ሴንያ። ትመቺብናለሽ፣ ጫማችንን ትስያለሽ። ከኔ ይሻላል?»

የወደቀውን ፍልጥ አንስቼ ክምሩ ላይ አስቀመጥኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከጥር።»

«ምኔ ላይ ነው?»

«በግራህ ትቀድማለህ» አልኩት። «ሳይመታ ትወርዳለህ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ለረጅም ጊዜ ሲፈልገው የነበረ ዕቃ የት እንደወደቀ የነገሩት ይመስል። «ሦስት ወር ነበረኝ» አለ። «ጥር ላይ ብትነግሪኝ ሦስት ወር ነበረኝ። ለኔ ብለሽ ከከተማው ሁሉ ጋር ተጣላሽ፤ ይህቺን ግን አልነገርሽኝም።» ከዚያ እንጨቱን አስተካክሎ አቆመና ፈለጠው።

ቢሰድበኝ እንዴት በወደድኩ። በሰኔ ከአባቴ ጋር ጉድጓዱ ገባ፤ ጎማው ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሆነ መኪና ይነዳል። ጫማው ምድር ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አንድ ቀን ሰርቄ አወረድኩትና ጠርዙን አየሁ፤ የግራው የውስጥ ጠርዝ እንዳለቀ ነው። እንደገና ሳልኩትና መልሼ ሰቀልኩት። እሱ እስካሁን አልነካውም።

ሌላንድ አልሄደም። እናቴ አላስኬደችውም፤ የሰው ልጅ ከቤቴ አዝኖ አይወጣም አለች። በዚያ መከር ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች አሸነፈ፤ በሦስቱ አንድም ግብ አልገባበትም። አዳራሹ ውስጥ የማላውቀው ሰው ልጅ ሲጫወት አላይም ያለችው ዶሪን ፐርኮቪች የሱን ቁጥር ለብሳ ከፊት ረድፍ ትቀመጣለች። አንድ ቀን መኪናዬን ላወጣ ስል ከሌላ ከተማ ለመጡ እንግዶች ስትነግር ሰማኋት፤ የኛ ልጅ ነው፣ የሦስት ቁጥር ሰፈር ልጅ ነው ትላለች። አፋፎቹ አላለችም። አርቮ ከኋላዋ ሁለት ረድፍ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ዘንድሮ ነሐሴ ደግሞ አራት ቤቶች የመጨረሻ ክፍላቸውን እዚህ የሚጨርሱ አራት እንግዶች ተቀብለዋል። ደንቡን እናንሳ የሚል ሰው የለም። ለምን ይነሳል? የከተማው ልጆች ብቻ የሚል ጽሑፍ በዋናው በር ላይ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። እሱንም የቀባሁት እኔ ነኝ።

እንደ ልማዱ አዲስ ስም ሰሌዳው ላይ የሚወጣው በገና ዕረፍት ዋዜማ፣ ከቀኑ ጨዋታ በኋላ ነው። የሰውየው ቤተሰብ ቆሞ ያያል። በሌላንድ የመጀመሪያ ዓመት መሰላሉ ላይ ወጥቼ ብሩሹን ነከርኩ። ከታች እናቴ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ ስልኳን አነጣጥራለች። ሌላንድ ጠጋ አለና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ከፈለግሽ አሪዞና ብለሽ ጻፊው፤ አልቀየምም» አለኝ።

ላደርገው ፈልጌ ነበር። እጄ ሊያደርገው ነበር። ደንብ የሚጠብቅ ሰው ግን እኔ ነኝ አይደል?

«ሰሌዳው ላይ አገር አይጻፍም» አልኩት። «ሰፈር ነው።»

ሌላንድ ቴግ ብዬ ጻፍኩ። ከአጠገቡ ሦስት ቁጥር ሰፈር። በሕይወቴ ሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ለማየት የተመኘሁት ቃል ነው፤ ቀለሙ ሲንጠባጠብ በእጅጌዬ ጠረግሁት። እናቴ ፎቶ አነሳች፣ አለቀሰችም። ለማን እንዳለቀሰች አልጠየቅኋትም።

አርቮ እናታችንን ሊወስዳት ከፈረቃ በቀጥታ መጣ፤ የጉድጓዱ ቀይ አቧራ እስከ ቅንድቡ ድረስ አለ። መተላለፊያው ላይ ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ አነበበ። የሌላንድን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ወደኔ ወደ ላይ አየ። ከሚያዝያ ወዲህ ደህና አደርሽ ደህና ዋልሽ ካልሆነ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

«ሦስት የሚለው ጠሟል» አለኝ።

አየሁት፤ እውነቱን ነው። ጨርቁን አነሳሁና ደምስሼ እንደገና ጻፍኩት።